ከሳህኑ ግርጌ ያለው ስም

ጁን 4 ቀን 1751 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ በሰቨርን ወንዝ ዳር በምትገኘው በዉስተር ከተማ 15 ሰዎች አንድ የሽርክና ውል ፈረሙ። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዎቹ የተሰባሰቡት ፖርስሊን የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ሲሆን ያዋጡት ገንዘብ 4,500 ፓውንድ ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ ዋነኞች ግን ሸክላ ሠሪዎች አልነበሩም። ጆን ዎል ሐኪም ናቸው፤ ዊልያም ዴቪስ ደግሞ መድኃኒት ቀማሚ። ከሸሪኮቹ አንዱ ኤድዋርድ ኬቭ በለንደን ታዋቂ መጽሔት የሚያሳትሙ ሰው ስለነበሩ፣ በቀጣዩ ዓመት የፋብሪካው ሥዕል በመጽሔታቸው ወጥቶ ወሬው በመላ አገሪቱ ተሰማ።

ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ወደ ጭቃ ሥራ ምን አመጣቸው? መልሱ ያለው በሻይ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሻይና ቡና መጠጣት በአውሮፓ የጨዋ ቤት ወግ ሆኖ ነበር፤ የሚጠጣበት ዕቃ ግን ከቻይና በመርከብ የሚመጣው ነጭ፣ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ሸክላ ነው። እኛ ቡናችንን የምንጠጣበትን ዕቃ «ሲኒ» ስንል ከዐረብኛ በመጣ ቃል «የቻይና» ማለታችን ነው። እንግሊዞችም የገበታ ዕቃቸውን «ቻይና» ብለው ይጠሩታል። በአፍሪካ ቀንድም ሆነ በእንግሊዝ የዚህ ዕቃ ስም የቻይና ስም ሆኖ ቀርቷል። የአሠራሩን ምስጢር አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን ሲፈልጉት ኖረው፣ በ1710 በጀርመን ሳክሶኒ ማይሰን ላይ የመጀመሪያው ፋብሪካ ተከፈተ። እንግሊዞች በ1740ዎቹ በለንደን ዙሪያ በቼልሲና በቦው የራሳቸውን ሙከራ ጀመሩ። ይሁንና ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሸክላዎች የፈላ ውኃ ሲፈስባቸው የሚሰነጠቁ ነበሩ። ለሻይ የተሠራ ዕቃ ሻይ ካልቻለ ምን ይረባል?

በውሉ ላይ ዎልና ዴቪስ ምስጢሩን በራሳቸው ሙከራ እንዳገኙት ተጽፏል። እኔ ግን ብሪስቶል የሚገባትን ክብር ልነፍጋት አልፈልግም። በብሪስቶል ቤንጃሚን ለንድ የተባሉ ሰው ከዚያ በፊት ከኮርንዎል፣ ሊዛርድ ከሚባለው ልሳነ ምድር፣ የሳሙና ድንጋይ አስቆፍረው እያስፈጩ ከሸክላው ጋር ያዋህዱ ነበር። በ1752 የዉስተሮቹ ሸሪኮች የብሪስቶሉን ፋብሪካ ጠቅልለው ገዙት። ዕቃው፣ ቅርጽ ማውጫው፣ እውቀቱም ጭምር ወደ ዉስተር ተዛወረ። የሳሙና ድንጋይ የተቀላቀለበት ሸክላ የፈላ ውኃን ይችላል። ዉስተርን ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያኖራት የመጀመሪያው ብልጫ ይኸው ነበር፦ የሻይ ማንቆርቆሪያዋ አይሰነጠቅም።

ፋብሪካው የተከፈተው ከካቴድራሉ ብዙም በማይርቅ፣ ዋርምስትሪ ሃውስ በሚባል ወንዝ ዳር በቆመ አሮጌ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው። የድንጋይ ከሰሉ ከሽሮፕሸር በጀልባ በሰቨርን ይወርዳል፤ ያለቀው ዕቃ በዚያው ወንዝ ወደ ብሪስቶል ወደብ ይሄዳል። ከሠራተኞቹ መካከል ሮበርት ፖድሞርና ጆን ላይስ የቅመማውን ልክ የሚያውቁ ስለነበሩ አፋቸውን እንዲጠብቁ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ገንዘቡ ግን ምስጢሩን አላቆየውም። ፖድሞር በ1755 ወደ ሊቨርፑል ሄደው ለሪቻርድ ቻፈርስ ፋብሪካ ይሠሩ ጀመር፤ የሳሙና ድንጋዩ ምስጢርም አብሯቸው ሄደ። ከሸሪኮቹ አንዱ የነበሩት ሪቻርድ ሆልድሺፕም ከከሰሩ በኋላ በ1764 የቅመማውን እውቀት ለደርቢ ፋብሪካ ሸጡ።

ከእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ተርፋ ለእኛ የደረሰች አንዲት ትንሽ የክሬም መቅጃ አለች። ቅርጿ እንደ ጀልባ ነው፤ ጎኗ ላይ የቻይና መልክ ያለው ሥዕል ተስሏል። ስትገለበጥ ከሥሯ ጎላ ብሎ የወጣ አንድ ቃል ይነበባል፦ «ዊጎርኒያ»። ይህ ዉስተር በላቲን የምትጠራበት ስም ነው። ብሪስቶሎቹም ቀደም ሲል የከተማቸውን ስም በተመሳሳይ መንገድ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ አስገብተው ያትሙ ነበር። ስለዚህ ዉስተር አፏን ስትፈታ የተናገረችው የገዛ ስሟን ነው። ከዚያ በኋላ ግን በአብዛኛው ዕቃዋ ላይ ለረጅም ጊዜ ስሟን ደበቀች። የዚህን ፋብሪካ ምልክቶች ስከታተል ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ዕቃው እያማረ፣ ገበያው እየደራ ሲሄድ ሠሪው ራሱን ሌላ ሰው አስመሰለ።

በ1750ዎቹ መጀመሪያ ከሥር የሚገኙት ምልክቶች ትናንሽ ጭረቶች፣ መስቀልና ቀስት መሳይ ነገሮች ናቸው። የሥዕል ሠራተኞች ያደረጓቸው ምልክቶች ናቸው እንጂ የፋብሪካው ማኅተም አይደሉም። ቀጥሎ በሰማያዊ ቀለም የተሣለች ቀጭን ጨረቃ መጣች። ለሠላሳና አርባ ዓመት ያህል የዉስተር ዋና ምልክት የሆነችው ይህች ጨረቃ ናት። እዚህ ላይ ለሚያስተውል ዓይን የሚጠቅም ልዩነት አለ፦ ሥዕሉ በእጅ ብሩሽ የተሠራ ከሆነ ጨረቃዋ በመስመር ብቻ ተከባ ውስጧ ባዶ ነው፤ ሥዕሉ በኅትመት የወጣ ከሆነ ግን ጨረቃዋ ውስጧ በቀጫጭን ጭረቶች ተሞልታለች። ምልክቷ ሳታስበው አሠራሩን ትናገራለች።

ከጨረቃዋ ጎን ለጎን የውሸት ምልክቶቹ ይመጣሉ። ባለ ቀለሙና ባለ ወርቁ ዕቃ ሥር የማይሰን ፋብሪካ የሚጠቀምባቸው የተመሳቀሉ ሁለት ሰይፎች ይታያሉ፤ ከሰይፎቹ ሥር ብዙ ጊዜ 9 ወይም 91 የሚመስል ቁጥር አለ። በሌላው ሥር የቻይና ፊደል የሚመስል፣ ግን ምንም ቃል የማይወጣው ጽሑፍ ተሥሏል። ሌላው ላይ ደግሞ እንደ ቻይና ማኅተም በአራት ማዕዘን የተጠላለፈ መስመር አለ። በዘመኑ ይህን ብዙዎች ያደርጉት ነበር፤ ገዢው የቻይናንና የጀርመንን ዕቃ ስለሚያከብር ሻጩ የእነሱን ልብስ ያለብሰዋል። እንዲህም ሆኖ በዚያ ዘመን የተሠራውን የዉስተር ሸክላ ያየ ሰው ብድር ማኅተም እንደማያስፈልገው ይመሰክራል። ሰውነቱ ጥብቅ፣ ልባሱ ስስና ለስላሳ፣ ሰማያዊው ቀለም ጥልቅ ነው።

በዚያው በ1750ዎቹ ዉስተር ለዓለም የሸክላ ሥራ ትልቅ ነገር አበረከተች። ሮበርት ሃንኮክ የተባሉ መዳብ ቀራጭ በ1756 አካባቢ ወደ ከተማዋ መጡ። ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ በጥቃቅን ጭረት ይቀርጹታል፤ ሰሌዳው በሸክላ ቀለም ይቀባና ስስ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ ቀለሙ ሳይደርቅ በዕቃው ላይ ይለጠፍና ይላጣል፤ ከዚያ ዕቃው ተመልሶ እቶን ይገባል። አንድ ሠዓሊ ቀኑን ሙሉ ተጎንብሶ የሚሥለው ሥዕል በደቂቃዎች ይወጣል፤ ያውም ደጋግሞ፣ ሳይለወጥ። በ1757 የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ የእንግሊዝ የጦር አጋር በመሆናቸው በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ተወደው ነበርና፣ መልካቸው በጥቁር ቀለም የታተመበት ኩባያ ከዉስተር ወጣ። ዓመቱም በላዩ ላይ ተጽፏል።

በኩባያው ላይ ከተማዋ በስሟ ትጠራለች፤ አጠገቡ «አር» እና «ኤች» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ተጠላልፈዋል፤ የመርከብ መልሕቅም አለ። ሁለቱ ፊደሎች ለሮበርት ሃንኮክ ይሆናሉ፤ ለሪቻርድ ሆልድሺፕም ይሆናሉ። መልሕቁ ግን የሆልድሺፕ ነው፤ ስማቸው በእንግሊዝኛ «መርከብ ያዝ» እንደማለት ስለሆነ መርከብ የሚይዘውን ነገር ምልክታቸው አደረጉት። ቀራጩና ባለ ድርሻው በአንድ ኩባያ ላይ ስም እየተሻሙ ነበር። እኔ ፍርዴን ብጠየቅ ክብሩ መዳቡን ለቀረጸው እጅ ይገባል እላለሁ።

በ1770ዎቹ መጀመሪያ ከዉስተር በስተሰሜን ኮሊ በምትባል የሽሮፕሸር መንደር ተቀናቃኝ ተነሣ። ባለቤቱ ቶማስ ተርነር በዉስተር የሠሩ ሰው ናቸው። የኮሊ ሸክላም የሳሙና ድንጋይ ያለበት፣ ሰማያዊ ኅትመት የሚታተምበት ነው። ምልክቱ «ኤስ» ወይም «ሲ» ፊደል ሲሆን «ሲ»ው ከዉስተር ጨረቃ ጋር ለመምታታት ምንም አይቀረውም። በምሥራቅ ጠረፍ ያለው የሎውስቶፍት ፋብሪካም ያችኑ ጨረቃ ሲገለብጥ ኖሯል። የቻይናንና የማይሰንን ምልክት የተዋሰችው ዉስተር አሁን በተራዋ ምልክቷ ይሰረቅባት ጀመር።

ከዚህ ዘመን የመጣ አንድ እንቆቅልሽ ለረጅም ጊዜ ሊቃውንትን አሳስቷል። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች የቻይና ፊደል እንዲመስሉ በቅንጥብጣቢ መስመር ተሸፍነው ከሥር የተጻፉባቸው ሰማያዊ ዕቃዎች አሉ። ሰብሳቢዎች እነዚህን ሁሉ የኮሊ ሥራ ናቸው እያሉ ሲመድቧቸው ኖሩ። ከ1968 ጀምሮ ግን የዉስተር ሙዚየም ኃላፊ የነበሩት ሄንሪ ሳንደን በጥንቱ የዋርምስትሪ ሃውስ ግቢ ቁፋሮ አካሄዱ። ከመሬቱ ሥር የወጣው እቶን ያበላሸው፣ የተጣመመውና የተሰበረው የጥንት ውዳቂ ነው። ከውዳቂው መካከል ባለ ድብቅ ቁጥሮቹ ስብርባሪዎች ተገኙ። የተበላሸ ዕቃን ከሌላ ፋብሪካ አምጥቶ በገዛ ግቢው የሚቀብር የለምና ነገሩ ተቆረጠ፤ ዕቃዎቹ የዉስተር ነበሩ። በየአገሩ ያሉ ሙዚየሞች መለያ ወረቀታቸውን መለወጥ ነበረባቸው። የትኛውም መጽሐፍ ያልፈታውን ነገር የቆሻሻ ጉድጓድ ፈታው።

ወደ ዘመን ቅደም ተከተሉ ልመለስ። ዶክተር ዎል በ1774 ከሥራ ተለዩ፤ በ1776 በባዝ ከተማ አረፉ። ዊልያም ዴቪስ በ1783 ሲሞቱ ፋብሪካውን በለንደን ወኪላቸው የነበሩት ቶማስ ፍላይት በ3,000 ፓውንድ ለልጆቻቸው ለጆሴፍና ለጆን ገዙላቸው። ብዙም ሳይቆይ የሥዕልና የወርቅ ቅቡን ክፍል ይመሩ የነበሩት ሮበርት ቻምበርሊን ለቀው በዚያው ከተማ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ፤ በመጀመሪያ የሚያስጌጡትን ነጭ ዕቃም ከኮሊ ይገዙ ነበር። ፍላይቶቹ የሰለጠነ እጅ አጡ፤ ተቀናቃኝም አተረፉ።

ጆን ፍላይት በነዚያ ዓመታት የጻፉት የዕለት ማስታወሻ እስከ ዛሬ አለ። የፋብሪካው ዕድል የተቃናው በኦገስት 1788 ነው። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ጸበል ሊጠጡ ቸልተናም ሰንብተው ለመዝሙር በዓል ወደ ዉስተር ሲመጡ ፋብሪካውን ጎበኙ፤ ዕቃም አዘዙ። በ1789 ፍላይቶች «የንጉሥ ሸክላ ሠሪ» የመባል ፈቃድ ተሰጣቸው። የፍላይት ስምና ጨረቃዋ በነበሩበት ምልክት ላይ ዘውድ ተጨመረ። ከረጅም ዘመን ድብብቆሽ በኋላ ዉስተር የማንንም ማኅተም ሳትዋስ በሠሪዋ ስም ቆመች፤ ገዢውም የፈለገው ይህንኑ ስም ሆነ። ከዚህ በኋላ የተመሳቀሉት ሰይፎች አላስፈለጉም።

ጆን ፍላይት በ1791 በወጣትነታቸው ሞቱ። ማርቲን ባር ሸሪክ ሆነው ገቡና ከ1792 ገደማ አንስቶ ገና ያልደረቀው ሸክላ ሥር በስለት የተጫረ አንድ «ቢ» ፊደል ይታያል። ከዚያ በኋላ የሽርክናው ለውጥ ሁሉ ከሥር እየተጻፈ ይሄዳል። ከ1804 እስከ 1813 «ባር፣ ፍላይት እና ባር»፤ ከ1813 እስከ 1840 «ፍላይት፣ ባር እና ባር»። የስሞቹ የመጀመሪያ ፊደሎች ከዘውድ ሥር በሸክላው ውስጥ ተረግጠው ይገኛሉ። የቤተሰቡን ልደት፣ ሞትና ጋብቻ መዝገብ ሳያገላብጥ፣ ሳህን በመገልበጥ ብቻ ማን በየትኛው ዓመት አዛዥ እንደነበረ ማወቅ ይቻላል።

ቻምበርሊንም አልተኛም። ኦገስት 26 ቀን 1802 አድሚራል ኔልሰን ከሰር ዊልያም ሃሚልተንና ከባለቤታቸው ከኤማ ጋር ፋብሪካውን ጎብኝተው የቁርስ፣ የእራትና የጣፋጭ ሙሉ ዕቃ አዘዙ። ዕቃው ብዙ ጌጥና ብዙ ወርቅ ነበረበትና ሥራው ዘገየ። ኔልሰን በኦክቶበር 1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ሲወድቁ ተሠርቶ ያለቀው የቁርሱ ዕቃ ብቻ ነበር።

ሁለቱ የአንድ ከተማ ተቀናቃኞች በ1840 ተዋሐዱ፤ ሥራውም ከዋርምስትሪ ሃውስ ወጥቶ በሰቨርን ጎዳና ወዳለው የቻምበርሊን ግቢ ተጠቃለለ። ውሕደቱ ግን የደከሙ ሁለት ሰዎች መደጋገፍ ነበር። ሥራው ነፍስ የዘራው በ1852 ኬርና ቢንስ ሲረከቡት ነው። ዊልያም ኬር የደብሊን ሰው ስለነበሩ በ1853ቱ የደብሊን ኤግዚቢሽን ላይ የሼክስፒርን ድርሰት መሠረት ያደረገ የጣፋጭ ገበታ ዕቃ አቅርበው አድናቆት አተረፉ። ሪቻርድ ዊልያም ቢንስ ደግሞ የጥንቱን ዕቃ የሚሰበስቡ፣ የፋብሪካውን ታሪክ በመጽሐፍ የጻፉ፣ ያለፈውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። አዲስ ያወጡት ምልክትም ይህንኑ ይመስላል። ክብ ነው፤ ዙሪያውን አራት የተቀጣጠሉ «ደብልዩ» ፊደሎች አሉበት፤ መካከሉ ላይ ያችው የጥንት ጨረቃ ተቀምጣለች፤ ከጨረቃዋ ጋር 51 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ የፈራሚዎቹን ዓመት፣ 1751ን፣ ያስታውሳል። እጅግ ለተመረጡት ሥራዎች ደግሞ የጋሻ ቅርጽ ያለው ሌላ ምልክት ነበራቸው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ይጻፉበታል፤ የሠዓሊውም ስም ይሰፍርበታል።

ብዙ ሰው ይህን 51 አይቶ ዕቃው በ1751 የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ቁጥሩ ያለበት ክብ ምልክት ከ1852 በፊት አልነበረም። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህችን አንድ ነገር ቢይዝ ገንዘቡን ያድናል።

በ1862 ኬር ወደ አየርላንድ ሲመለሱ ድርጅቱ በአክሲዮን ተቋቁሞ «የዉስተር ንጉሣዊ ፖርስሊን ኩባንያ» ተባለ፤ ዓለም የሚያውቀው ግን «ሮያል ዉስተር» በሚለው አጭር ስሙ ነው። በክቡ ምልክት አናት ላይ ዘውድ ተደረገ። ከ1867 ጀምሮ ከሥሩ ዓመቱን የሚያመለክት የእንግሊዝኛ ፊደል ገባ፤ «ኤ» 1867 ነው፤ «ቢ» ደግሞ 1868፤ ፊደሎቹ ግን ሁሉም በተራ አልተወሰዱም፤ ለመምታታት የሚመቹት ተዘለዋል።

በዚህ ዘመን ከነበሩት ሠራተኞች የጆርጅ ኦወንን ሥራ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ኦወን ገና ያልተተኮሰውን፣ በከፊል የጠና የአበባ ማስቀመጫ በእጃቸው ይዘው ግድግዳውን እንደ ንብ እንጀራ ይበሱታል። በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ያለ ንድፍና ያለ መስመር፣ በዓይን ልኬት ብቻ። አንዲት ቀዳዳ ከሌላዋ ጋር ከተገናኘች የብዙ ሳምንት ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ከእጅ የተረፈውንም እቶኑ ሊያጣምመው ይችላል። አሠራራቸውን ለማንም ሳያሳዩ ይሠሩ እንደነበር ይነገራል። በ1917 ሲያርፉ ያንን ጥበብ በእሳቸው ደረጃ የተካው አልተገኘም። በምርጥ ሥራዎቻቸው ላይ ስማቸውን በሸክላው ውስጥ ጭረው ጽፈዋል፤ ቢጽፉም ይገባቸዋል።

በ1891 የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘ። በዚያ ዓመት በክቡ ዙሪያ «ሮያል ዉስተር ኢንግላንድ» የሚል ጽሑፍ ተጨመረ። ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ዓመቱን የሚቆጥሩት በነጥብ ሆነ። 1892 አንድ ነጥብ፣ 1893 ሁለት ነጥብ፤ ነጥቦቹ በዘውዱ ግራና ቀኝ እየተደረደሩ፣ ቦታ ሲጠባቸው ወደ ሥር እየወረዱ፣ በ1915 ሃያ አራት ደረሱ። እነዚያን ነጥቦች በአጉሊ መነጽር የቆጠረ ሰው ሁሉ ድካሙን ያውቀዋል። በ1916 ነጥቦቹ ተጠርገው በቦታቸው አንዲት ኮከብ ገባች፤ ከዚያ ከኮከቧ ጋር እንደገና ነጥብ መደርደር ተጀመረ። በ1928 ኮከቧም ተራዋን ለትንሽ አራት ማዕዘን ለቀቀች።

በ1900 አካባቢ ደግሞ ምልክቱ ከሳህኑ ሥር ወደ ፊቱ ወጣ። ሠዓሊዎች በሥዕላቸው ጥግ ስማቸውን እንዲጽፉ ተፈቀደላቸው። እስከዚያ ድረስ ለ150 ዓመት ያህል ብሩሹን የያዘው ሰው በአብዛኛው ስሙ አይታወቅም ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የተሰጠው ቢበዛ አንዲት ጭረት ናት። አሁን ጆን ስቲንተን በስኮትላንድ ተራሮች ጉም ውስጥ የቆሙ ከብቶቻቸውን ሥለው ስማቸውን ያኖራሉ፤ ቻርልስ ባልድዊን በሰማያዊ መደብ ላይ የሚበሩ ነጫጭ ዝይ መሳይ ወፎቻቸውን፤ በልጅነታቸው ፋብሪካውን የተቀላቀሉት ሃሪ ዴቪስም በጎቻቸውን። ዴቪስ እስከ 1970 ድረስ ኖረው ከ70 ዓመት ያላነሰ ዕድሜያቸውን ለዚህ ሥራ ሰጡ። ለእኔ በዚህ ፋብሪካ ታሪክ ውስጥ ከንጉሡ ዘውድ ይልቅ ትልቁ ቀን ሠራተኛው ስሙን የጻፈበት ቀን ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከጀርመን ይመጣ የነበረው የቤተ ሙከራ ሸክላ ተቋረጠ፤ ዉስተርም እሱን ወደ ማምረት ገባች። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የኢኮኖሚ ድቀት ግን ከበዳት። በ1930 ድርጅቱ በዕዳ ተይዞ በጠባቂ እጅ ወደቀ። ያዳኑት ቻርልስ ዊልያም ዳይሰን ፔሪንስ ናቸው፤ የቤተሰባቸው ሀብት በዓለም የሚታወቀው የዉስተርሸር ሶስ ነው። በ1934 ፋብሪካውን ገዙት። የቢንስ ዘመን የጥንት ዕቃ ስብስብም ተበትኖ እንዳይቀር እሳቸው አተረፉት፤ በ1946 በባለ አደራ ድርጅት ሥር አስቀመጡት። በዚያው በ1930ዎቹ ዶሮቲ ዶውቲ የአሜሪካን ወፎች ከነ ቅርንጫፋቸውና ከነ አበባቸው በፖርስሊን ቀርጸው፣ ቁጥራቸው በተወሰነ ቅጂ እየወጡ የአሜሪካ ሰብሳቢዎችን ገንዘብ አመጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እቶኑ ለሞተርና ለሬዲዮ የሚሆኑ የሸክላ ክፍሎችን ይተኩስ ነበር።

በ1961 የወጣው «ኢቭሻም ጎልድ» የሚባለው ንድፍ በአካባቢው ሸለቆ የሚበቅሉትን ፍራፍሬዎች የያዘ፣ ከምድጃ በቀጥታ ወደ ገበታ የሚቀርብ ዕቃ ሲሆን በብዙ መቶ ሺህ ቤቶች ገባ። በ1976 ሮያል ዉስተር ስፖድ ከተባለው ሌላ የእንግሊዝ ሸክላ አምራች ጋር ተዋሐደ። ከዚያ በኋላ ባለቤቶች ተፈራረቁ፤ ዋጋው የረከሰ ዕቃ ከሩቅ ምሥራቅ ጎረፈ፤ ምርቱ ቀስ በቀስ ከከተማዋ እየወጣ ሄደ። በ2006 መቶ ያህል ሠራተኞች ተሰናበቱና በሰቨርን ጎዳና የሸክላ ምርት ቆመ። በኖቬምበር 2008 ድርጅቱ በዕዳ ምክንያት በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። በኤፕሪል 2009 ፖርትሜሪየን የተባለው የስቶክ ኦን ትሬንት ኩባንያ የሮያል ዉስተርንና የስፖድን ስም ገዛ። ልብ በሉ፤ የተገዛው ስሙ ነው። እቶኑና እጆቹ አልተገዙም። ጁን 14 ቀን 2009 በዉስተር የመጨረሻው ሽያጭ ተካሂዶ በሩ ተዘጋ።

ስሙ ዛሬም ይታተማል። ዘውዱና 1751 የሚለው ዓመት ዛሬም ከአዳዲስ ዕቃ ጋር ገበያ ይወጣል፤ ዕቃው ግን በሰቨርን ወንዝ ዳር አልተተኮሰም። ስለዚህ አሮጌ የዉስተር ሸክላ በእጁ ያለ ሰው ቤቱን ሲያጸዳ «የሴት አያቴ ሳህን» ብሎ እንዳያሳልፈው እለምናለሁ። ይገልብጠው፤ ጨረቃ ይኖር እንደሆነ፣ በሸክላው ውስጥ የተረገጡ ፊደሎች ይኖሩ እንደሆነ ይይ፤ ዘውድ ያለው ክብ ከሆነም ነጥቦቹን ይቁጠር። የእነዚያ እጆች መዝገብ የቀረው በየሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

በሰቨርን ጎዳና የፋብሪካው ግቢ በአብዛኛው መኖሪያ ቤት ሆኗል። ሙዚየሙ ግን እዚያው አለ። ከመስተዋት ሳጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ያች ከሥሯ «ዊጎርኒያ» የሚል ስም የያዘች የክሬም መቅጃ ተቀምጣለች።